ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ሰውነቱ ገና ከክረምት አልተመለሰም

 

መስከረም ሲገባ ወላጅ የሚሯሯጥለት ነገር ብዙ ነው። ምዝገባው፣ ዩኒፎርሙ፣ ደብተሩ፣ ቦርሳው፣ የሰርቪስ ክፍያው። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ልጁ ክፍል ሲገባ "እፎይ፣ ትምህርት ተጀመረ" እንላለን። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን እኔ በምርመራ ክፍል የማየው ግን ሌላ ነው። ዩኒፎርሙ ትምህርት ቤት ደርሷል፤ ልጁ ገና አልደረሰም።

የሚመጡት ቅሬታዎች ይመሳሰላሉ። "ዶክተር፣ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ይለኛል፤ ቁርስ አይበላም፤ ክፍል ውስጥ ይተኛል ብለው ደወሉልኝ። ታይፎይድ ይሆን? ደሙ ይመርመርልኝ።" ይህን የሚሉ እናቶች አሉ። ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው "ምንም አልሆነም፤ ስንፍና ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ስልክ ላይ ተደፍቶ ከርሞ አሁን ትምህርት ሲባል ታመመ" የሚሉ አባቶችም አሉ።

ሁለቱም ልጃቸውን የሚወዱ፣ የተጨነቁ ወላጆች ናቸው። ነገር ግን አንዱ ወገን ነገሩን በሽታ ያደርገዋል፤ ሌላው ወገን የጠባይ ጉድለት ያደርገዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አይደለም። ከሁለት ወር በላይ በሌላ ሰዓትና በሌላ ኑሮ የከረመ ሰውነት በአንድ ሰኞ ጠዋት ሊቀየር ስለማይችል ነው።

ዛሬ የማነሳው ሐሳብ አጭር ነው፦ ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመላመጃ ጊዜ ይሁኑ። ለተማሪውም፣ ለመምህሩም። ይህን የምለው ልጆችን ለማሞላቀቅ አይደለም። ምክንያቱን ላስረዳ።

ሰውነት የራሱ ሰዓት አለው

አንጎላችን ውስጥ መቼ እንደምንተኛ፣ መቼ እንደምንነቃ፣ መቼ እንደሚርበን የሚቆጣጠር የተፈጥሮ ሰዓት አለ። ይህን ሰዓት በዋናነት የሚያስተካክለው በዓይናችን የሚገባው ብርሃን ነው። ጠዋት የምናየው የፀሐይ ብርሃን ሰዓቱን ወደፊት ይጎትተዋል፤ ማታ የምናየው የቴሌቪዥንና የስልክ ብርሃን ደግሞ ወደኋላ ይገፋዋል።

አሁን የክረምቱን ኑሮ አስቡት። ሰማዩ ዳምኗል፣ ይዘንባል፣ ልጁ ቀኑን ቤት ውስጥ ያሳልፋል፣ ማታ ደግሞ ፊልምና ስልክ አለ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኝቶ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይነሳል። በእረፍት ጊዜ ይህ ያን ያህል ክፋት የለውም። ችግሩ የሚመጣው ትምህርት የተከፈተ ዕለት ሰርቪሱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በር ላይ ሲቆም ነው። ልጁ 12 ሰዓት ላይ መነሳት አለበት። ከለመደው በ3 ሰዓት ቀድሞ ማለት ነው። 2 ሰዓት ተኩል ላይ መምህሩ ጥያቄ ሲጠይቁት ዓይኑ ተከፍቶ ይሆናል፤ ሰውነቱ ግን ገና አልጋ ላይ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የብዙ ሰው የተፈጥሮ ሰዓት ከ24 ሰዓት ትንሽ ይረዝማል። ስለዚህ ማምሸት ይቀለናል፣ አስቀድሞ መተኛት ግን ይከብደናል። ልጁን "ዛሬ በ2 ሰዓት ተኛ" ብለን መብራት ብናጠፋበትም ዓይኑን አፍጥጦ ጣሪያ ያያል። ይህ እልህ አይደለም። እንቅልፍ በትእዛዝ አይመጣም።

የሚሠራው ቀስ በቀስ ማስተካከል ነው። በየቀኑ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አስቀድሞ መተኛትና አስቀድሞ መነሳት። የ3 ሰዓት ልዩነት 180 ደቂቃ ነው። በቀን 20 ደቂቃ ብናስተካክል 9 ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ ብናስተካክል 12 ቀን ይፈጃል። ሁለት ሳምንት የምለው ለዚህ ነው። ይህ ሥራ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት፣ በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን ቢጀመር በጣም ጥሩ ነው። ካልተጀመረም አልረፈደም፤ ዛሬ ማታ ይጀመር። ትምህርት ተከፍቶ ከሆነ መነሻው የሚወሰነው በደወሉ ነው፤ ስለዚህ ጠዋት በሰዓቱ እናስነሳው፣ የመኝታውን ሰዓት ደግሞ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እናስቀድም።

ልጆች ስንት ሰዓት መተኛት አለባቸው? ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉት የቀን እንቅልፍን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉት ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉት ከ8 እስከ 10 ሰዓት። ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ የ8 ዓመት ልጅ ቢዘገይ ቢዘገይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። የ16 ዓመቷ ልጅ ደግሞ ቢዘገይ ከምሽቱ 4 ሰዓት።

ስለ ጎረምሶቹ ካነሳን፦ በዚያ ዕድሜ ሜላቶኒን የተባለው እንቅልፍ የሚያመጣ ሆርሞን የሚመነጨው ከሕፃናቱ ዘግይቶ ነው። የ9ኛ ወይም የ11ኛ ክፍል ልጃችሁ ማታ "እንቅልፌ አልመጣም" ሲል፣ ጠዋት ደግሞ እንደ ድንጋይ ሲከብድ ከዕድሜው ለውጥ ጋር የተያያዘ ነው። ስልኩ ያባብሰዋል እንጂ ጥፋቱ ሁሉ የስልኩ አይደለም።

ሆድ ቁርጠቱ ውሸት አይደለም

ጠዋት ሆዱን የሚቆርጠው፣ ሰርቪሱ ካለፈ በኋላ የሚሻለው፣ ቅዳሜና እሑድ ምንም የማይለው ልጅ አለ። ወላጅ ይህን ሲያይ "አገኘሁህ፣ እየዋሸህ ነው" ይላል። እኔም ሆዱን ዳስሼ፣ ክብደቱን ለክቼ፣ ጠይቄ ምንም የሚያሳስብ ነገር ላላገኝ እችላለሁ። ያም ሆኖ ሕመሙ እውነተኛ ነው።

አንጎልና አንጀት በነርቮችና በሆርሞኖች የተሳሰሩ ናቸው። ጭንቀት የአንጀትን እንቅስቃሴ ይለውጣል፣ ሕመም የመሰማት ስሜትንም ይጨምራል። እኛ አዋቂዎች ፈተና ወይም የሥራ ቃለ መጠይቅ ሲኖረን መጸዳጃ ቤት እንመላለስ የለ? የልጁም እንደዚያ ነው። ልዩነቱ እሱ "ተጨንቄያለሁ" የሚል ቃል የለውም። "ሆዴን" ይላል።

የሚያስጨንቀውን መጠየቅ ያስፈልጋል። አዲስ ክፍል፣ አዲስ መምህር፣ የተለየው ጓደኛ፣ የሚያስፈራራው ትልቅ ልጅ ሊሆን ይችላል። ብዙ ወላጅ የማይጠረጥረው ደግሞ መጸዳጃ ቤቱ ነው። የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ቤት በር ከሌለው፣ ውኃ ከሌለው፣ ከሸተተ ልጆች ቀኑን ሙሉ ይይዙታል። እንዳይሸኑ ብለው ውኃ አይጠጡም። ውጤቱ የሆድ ድርቀት፣ ቁርጠት፣ አንዳንዴም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው። በተለይ የወር አበባ የጀመሩ ሴት ልጆቻችን በዚህ ይሰቃያሉ፤ ከትምህርት የሚቀሩም አሉ። ዛሬ ማታ ልጃችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ "ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ትገባለህ? ትገቢያለሽ?" መልሱ ሊያስገርማችሁ ይችላል።

ለምርመራና ለመድኃኒት አንቸኩል

እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። ትኩሳት የሌለው፣ ክብደቱ ያልቀነሰ፣ ሲጫወት ደህና የሆነ ልጅ "ጠዋት ሆዱን ይለዋል" ተብሎ ብቻ ዊዳል የተባለው የታይፎይድ ምርመራ ሊታዘዝለት አይገባም። ዊዳል የሚለካው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን መከላከያ ነው። ያ መከላከያ ከዚህ በፊት በነበረ ኢንፌክሽን ወይም በሌላ ምክንያት ደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ዊዳል "ፖዘቲቭ" ስላለ ልጁ ዛሬ ታይፎይድ አለው ማለት አይደለም።

ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሄዳል፦ ሆዱን አለው፣ ዊዳል ተሠራ፣ "ታይፎይድ አለበት" ተባለ፣ አንቲባዮቲክ ተጀመረ። በሳምንቱ ልጁ ትምህርቱን ስለለመደ ተሻለው፤ ምስጋናውን መድኃኒቱ ወሰደ። በጥቅምት ሲደግመው ደግሞ "ታይፎይዱ ተነሳበት" ይባላል። ገንዘብ ይወጣል፣ ያለአግባብ የተወሰደው አንቲባዮቲክ ጀርሞችን መድኃኒት ያለማምዳል፣ ልጁን ያስጨነቀው ነገር ግን ማንም ሳይጠይቀው ይቀራል።

የቫይታሚንና "የምግብ ፍላጎት የሚከፍት" ሽሮፕም እንዲሁ ነው። የምግብ ፍላጎት ይጨምራሉ ከሚባሉት ሽሮፖች አንዳንዶቹ እንቅልፍ የሚያስይዙ ናቸው። ክፍል ውስጥ ይተኛል ያላችሁትን ልጅ ጭራሽ የሚያስተኛ መድኃኒት ገዛችሁለት ማለት ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ አትግዙ።

"እኛ እኮ ተገርፈን ነው የተማርነው"

ይህን ሐሳብ ስናገር የሚመጣልኝን መልስ አውቀዋለሁ። "ዶክተር፣ የዛሬ ልጅ ተሞላቅቋል። እኛ በባዶ እግራችን ሄደን፣ ዘግይተን ተንበርክከን፣ ተገርፈን ነው እዚህ የደረስነው።" እዚህ የደረሳችሁትን አከብራለሁ። ግን አብረዋችሁ ተገርፈው ከትምህርት ቤት የቀሩትን ክፍል ጓደኞቻችሁንም አስታውሱ። እነሱ ዛሬ "ተገርፌ ነው ሰው የሆንኩት" ብለው ሊነግሩን አልቻሉም።

በመስከረም ማለዳ ዘግይቶ የመጣን ልጅ በር ላይ ማንበርከክ ወይም መምታት የተጣረሰውን ሰዓቱን አያስተካክለውም። ትምህርት ቤትን ከፍርሃት ጋር ያያይዝበታል፤ በማግስቱ ሆድ ቁርጠቱ ይብሳል። ከሕክምናም ባሻገር ሕገ ወጥ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

"ትምህርቱ ሰፊ ነው፣ ሁለት ሳምንት ማባከን አንችልም" የሚሉም አሉ። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን እኔ ትምህርት ይቁም አላልኩም። ልጁ ቀን የተማረውን አንጎሉ የሚያደላድለው በእንቅልፍ ነው። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ላይ በመጀመሪያው ሳምንት ፈተና፣ ሦስት የቤት ሥራና ማታ አስጠኚ መደራረብ በተቀደደ ጆንያ እህል እንደ መስፈር ነው። ጆንያውን መጀመሪያ እንስፋው።

ክረምቱ እረፍት ያልነበረላቸው ልጆችም አሉ። ሊስትሮ ሲሠሩ፣ ቆሎና ሶፍት ሲያዞሩ፣ በእርሻ ወላጆቻቸውን ሲያግዙ ከርመው የደብተር መግዣቸውን ይዘው የመጡ። በግጭትና በመፈናቀል ምክንያት ከወራት አልፎ ለዓመታት ከትምህርት ርቀው ዘንድሮ የተመለሱ። እነዚህ ልጆች ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፉ፣ በር ሲንኳኳ ሲደነግጡ፣ ሲቆጡ ወይም ጭልጥ ብለው ሲሄዱ ብናይ ከመቅጣታችን በፊት "ምን አሳልፎ ነው የመጣው?" እንበል። ቅዠቱና ድንጋጤው ከሳምንታት በኋላም ካልቀለለ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሊያየው ይገባል።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

1. የመነሻ ሰዓቱን አጥብቃችሁ ያዙ። መኝታው ቢያመልጥ እንኳ መነሻው አይቀየር። ቅዳሜና እሑድ ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት አይብለጥ። ደመራና መስቀል በመስከረም 16 እና 17 ስለሚውሉ፣ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድ ቤተሰብም ስላለ ገና የተያዘው ሰዓት ይፈርሳል። በዓሉን አክብሩ፣ ልጆቹም ይደሰቱ፤ በማግስቱ ግን ወደ ሰዓቱ ተመለሱ።

2. ጠዋት ብርሃን፣ ማታ ጨለማ። ልጁ እንደተነሳ መጋረጃ ክፈቱ፣ ደጅ ውጥቶ ፊቱን ይታጠብ። ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ስልክና ቴሌቪዥን ይጥፋ። ስልኩ ከልጁ ትራስ ሥር ሳይሆን ሌላ ቦታ ይደር።

ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ክፍል የሚኖርበት ቤት ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። እዚያ ቤት ልጁ በጊዜ የሚተኛው አዋቂዎቹ ቴሌቪዥኑን ሲቀንሱና መብራቱን ሲያደበዝዙ ብቻ ነው። ለሁለት ሳምንት የማታ ድራማችንን እንሠዋ። ከአስጠኚ ክፍያ ይረክሳል።

3. እራት ይቅደም፣ ቁርስ ይኑር። ማታ 4 ሰዓት እራት የበላ ልጅ ጠዋት 12 ሰዓት ሊርበው አይችልም። እራቱን ወደ 1 ሰዓት ወይም 1 ሰዓት ተኩል ስታመጡት የቁርስ ፍላጎቱ በራሱ ይመለሳል። ቁርሱ ውድ መሆን የለበትም። ገንፎ፣ አጥሚት፣ በሶ፣ ፍርፍር፣ ዳቦ በእንቁላል ሊሆን ይችላል። ሻይ ብቻውን ቁርስ አይደለም፤ ከምግብ ጋር ሲጠጣም ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳል። መጀመሪያዎቹን ቀናት መብላት ካቃተው ጥቂት አቅምሱት፣ የቀረውን በምሳ ዕቃ ያዙለት።

4. መሰናበቻው አጭርና እውነተኛ ይሁን። መዋዕለ ሕፃናት ወይም 1ኛ ክፍል የሚጀምረውን ልጅ ሳያይ ጥላችሁ አትጥፉ፤ በማግስቱ አንገታችሁን ይዞ አይለቅም። "ከምሳ በኋላ እመጣለሁ" በሉት፣ ሳሙት፣ ሂዱ። በሰዓቱም ተገኙ። "ካለቀስክ ዶክተሯ ትወጋሃለች" እያላችሁ ደግሞ እኔን የሕፃናት ማስፈራሪያ አታድርጉኝ። ሲታመም እኔው ጋ ነው የምታመጡት!

5. አዳምጡት፣ ግን ቤት አታስቀሩት። ሆዱን ያለው ልጅ፣ ትኩሳትና ሌላ ምልክት ከሌለው፣ ቤት በዋለ ቁጥር ትምህርት ቤቱ ይበልጥ ያስፈራዋል። "እንደሚያምህ አምኛለሁ። አብረን እንሄዳለን፣ ለመምህርትህም እንነግራለን" በሉት። ማመንና መላክ አብረው ይሄዳሉ።

6. ማታ ጥያቄያችሁን ቀይሩ። "ዛሬ ምን ተማራችሁ?" ሲባል "ምንም" ይላል። "ከማን ጋር ምሳ በላህ? እረፍት ሰዓት የት ነበርሽ?" ብላችሁ ስትጠይቁ ብዙ ነገር ይወጣል።

መምህራንስ?

ስለ ተማሪ ስናወራ የምንረሳው ሰው ክፍሉ ፊት የቆመው ነው። ብዙ መምህራን ክረምቱን አላረፉም። በክረምት መርሐ ግብር ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲማሩ፣ ሥልጠና ላይ፣ ወይም ኑሮን ለመደጎም ሌላ ሥራ ሲሠሩ ከርመዋል። መስከረም ላይ 50 እና 60 ልጆች ባሉበት ክፍል ቆመው ስም ለመያዝ፣ ጸጥታ ለማስከበር፣ ለማስተማር ይጮኻሉ። በሁለተኛው ሳምንት ድምፃቸው ተዘግቶ እኛ ጋ ይመጣሉ።

ለመምህራን የምመክረው፦ ድምፅ የጡንቻ ሥራ ነው፤ ለሁለት ወር ያልሮጠ ሰው በአንድ ቀን እሩጫ ቢወዳደር እንደሚጎዳ ሁሉ ድምፅም ይጎዳል። ክፍሉን በጩኸት ሳይሆን በጭብጨባ ወይም በተስማማችሁበት ምልክት ጸጥ አሰኙ። ውኃ አጠገባችሁ ይኑር፣ ቶሎ ቶሎ ተጎንጩ። ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት የጠመኔ ብናኙን ይቀንሳል። ድምፃችሁ ሲሻክር ማንሾካሾክ ያሳርፋል ብላችሁ አታስቡ፤ የድምፅ አውታሩን ሊያደክም ይችላል። ቀስ ብሎ በለሰለሰ ድምፅ መናገር ወይም ዝም ማለት ይሻላል። ዝንጅብል በማር ያስታግሳል፤ እረፍትን ግን አይተካም።

አብዛኛው የድምፅ መዘጋት ከጉንፋን ወይም ከአጠቃቀም ብዛት የሚመጣ ስለሆነ አሞክሳሲሊን አይጠቅመውም። መሻከሩ ከ4 ሳምንት ካለፈ፣ ወይም የመዋጥ ችግር፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ አንገት ላይ እብጠት ካለ ሳትዘገዩ የአንገት በላይ ሐኪም ይያችሁ። የእንቅልፍ ነገር ደግሞ ለእናንተም ይሠራል፤ አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልገዋል። እንቅልፍ ያጣ መምህር ትዕግሥቱ ያጥራል፤ ያጠረው ትዕግሥት የሚያርፈው በልጆቻችን ላይ ነው። ስለዚህ የመምህሩ ጤና የልጃችን ጤና ነው።

ወላጆች፣ መጀመሪያ ሳምንት ላይ መምህሩን በቅሬታ ሳይሆን በሰላምታ እንጀምራቸው። "ልጄ እንዲህ እንዲህ ያስቸግረዋል፣ ይታዩልኝ" የሚል ሁለት ደቂቃ ብዙ ያቀላል።

ለርእሳነ መምህራን የማቀርበው ጥያቄ

ገንዘብ የማይጠይቁ አምስት ነገሮች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውጤት የሚያዝበት ፈተና አይኑር፤ ልጁ የት እንዳለ ለማወቅ የሚሰጥ ከሆነ ነጥቡ አይመዝገብ። የቤት ሥራው ልጁ በጊዜ የሚያስተኛው ይሁን። የዘገየ ልጅ ስሙ ይመዝገብ፣ ወላጁ ይጠየቅ፣ እሱ ግን ክፍል ይግባ። አዲስ ልጆች በመጀመሪያው ቀን መጸዳጃ ቤቱንና የውኃ ቧንቧውን ይታዩ፤ በትምህርት ሰዓትም ፈቃድ ሲጠይቁ አይከልከሉ። ለመምህራኑም በተቻለ መጠን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ አይደራረብባቸው።

በፈረቃ የሚማሩ ልጆችን በተመለከተ፦ ፈረቃው ሲቀየር የልጁ የእንቅልፍ ሰዓትም ይናወጣል። ለወላጅ ቀደም ብሎ ማሳወቅ ትልቅ እርዳታ ነው።

መላመድ ያልሆነው መቼ ነው?

"ይላመዳል" ብላችሁ እንድትጠብቁ የማልፈልጋቸው ምልክቶች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ካለ ልጁን ወደ ጤና ተቋም አምጡት፦

- ትኩሳት። በተለይ ክረምቱን ወባ ባለበት ቆላማ አካባቢ የከረመ ልጅ ከሆነ በዚያው ቀን ይመርመር። በአገራችን ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው።
- ከሌሊት እንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ በአንድ ቦታ ላይ የጸና ወይም እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም።
- አረንጓዴ ወይም ደም የቀላቀለ ትውከት፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ የዓይን ቢጫ መሆን።
- ክብደት መቀነስ፣ ወይም ከ2 ሳምንት ያለፈ ሳል።
- ውኃ ጥም መብዛት፣ ሽንት መብዛት፣ ወይም ትቶ የነበረው ልጅ እንደገና አልጋ ላይ መሽናት። ይህ የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዕለቱ ይታይ። ልጁ ከዚህ ጋር የሚያስመልሰው፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ወይም የሚደክም ከሆነ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።
- ጠዋት ከትውከት ጋር የሚመጣ ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ራስ ምታት።
- ሰሌዳ ለማየት ዓይንን ማጥበብ፣ ደብተር ማስጠጋት። ብዙ "ሰነፍ" የተባለ ልጅ መነጽር ብቻ ነው ያጣው።
- ሁለት ሳምንት አልፎም ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት፣ ከጓደኛ መራቅ፣ ያልታወቀ ቁስል ወይም ሰንበር፣ አንድን ሰው ወይም አንድን ቦታ መፍራት። ልጁ ብቻውን ከሐኪም ጋር የሚያወራበት ጊዜ ያስፈልገዋል።
- ስለ ሞት ወይም ራስን ስለ መጉዳት የሚያወራ ልጅ። ይህ ለነገ አይባልም።

በመጨረሻ

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን፤ ለልጆቻችን ስንሆን ግን በመስከረም 10 እንዲሮጡ እንጠብቃለን። የትምህርት ዘመኑ እስከ ሰኔ ረጅም ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ ለማስተካከል፣ ቁርስ ለማስለመድና ፍርሃትን ለማስታገስ ብናውላቸው የምናጣው ጥቂት ገጽ ነው። የምናተርፈው ግን ነቅቶ የሚማር ልጅና ድምፁ ያልተዘጋ መምህር ነው።

ይህን ጽሑፍ ለልጃችሁ መምህር፣ ለወላጅ ኮሚቴ ግሩፕና ልጁን ዘንድሮ ትምህርት ቤት ላስገባ ጎረቤታችሁ አጋሩት። እዚህ ያሰፈርኩት አጠቃላይ ምክር ነው፤ ስለ ልጃችሁ የተለየ ሁኔታ በአቅራቢያችሁ ያለ ሐኪም አማክሩ። በእናንተ ቤት የትኛው እንደሠራ፣ የትኛው እንዳስቸገረ ጻፉልኝ፤ አነባለሁ።

መልካም የትምህርት ዘመን።